ይግባኝ የታመመበት የፋሲካ ሳምንት

ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት

ውሻችን ይግባኝ ዛሬም አልበላም። ትናንት ማታ ያስቀመጥኩለት ፍትፍት እንዳለ አድሮ ጠዋት ጉንዳን ወሮታል። ውሃውን ትንሽ ላስ ላስ አደረገና ተመልሶ ደረጃው ሥር ተጋደመ።

እኔማ አልደነገጥኩም። ዛሬ ግቢው ውስጥ ማን ጤነኛ አለ? ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮና ጎመን የለመደ ሆድ በአንድ ሌሊት ቅቤና ሥጋ ሲወርድበት ምን ያድርግ። ባሌ ታዴ ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ተነስቷል። ከላያችን የምትኖረው ሙሉ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ተልባ እንዳለኝ ጠይቃኛለች። ውሻውም ከእኛው ጋር ነው የጾመው። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ከየቤቱ የሚወጣለት ያው ሽሮ ፍትፍት ነበር። አጥንት ያየው ትናንት ነው። እሱም ጾም ፈታ፣ እሱንም ሆዱን አመመው፣ ይኸው ነው።

ትናንት የበላውን ሳስበው ግን ይገርመኛል።
ከሙሉ ቤት የበግ ጎድን፣ ከነጅማቱ።
ከኮሚናሉ፣ ማለት ከግቢው የጋራ ማረጃ ቤት፣ አራት በግ ታርዶ የእግሩ አጥንት ሁሉ ለሱ ተጣለለት።
ከሦስተኛ ፎቅ ልጆች ምን እንደነበረበት የማላውቀው አንድ ሙሉ ፌስታል።
ከእኔ የዶሮ አጥንት። ታዴ የጋጠውንም እኔ የጋጥኩትንም ሰብስቤ ነው የሰጠሁት። ጅራቱን እየቆላ ቀና ብሎ ሲያየኝ ደስ አለኝ። ዓመት በዓል ለሱም ነው አልኩ።

ስሙን ያወጣለት ታዴ ነው። ያኔ የፍርድ ቤት ጥበቃ ነበር። አንድ ቡችላ በር ላይ ተጥሎ ተገኘና ሁለት ጊዜ አባረሩት፣ ሁለት ጊዜም ተመልሶ መጣ። ታዴ ይሄማ ይግባኝ ባይ ነው ብሎ በካፖርቱ ጠቅልሎ ቤት አስገባብኝ። ስምንት ዓመት ሆነው። ከጡረታ ወዲህ ታዴ ከሰው ጋር ከሚያወራው ከሱ ጋር የሚያወራው ይበዛል። ጠዋት ጠዋት አብረው እስከ ልደታ ማርያም ይሄዳሉ። ታዴ ሲሳለም እሱ ከአጥሩ ውጭ ይጠብቀዋል።

ተልባ በጥብጬ መርፌው በሌለው ስሪንጅ አጠጣሁት። ግማሹ በደረቱ ፈሰሰ። ነገ ይነሳል አልኩት ለታዴ።

ሱቅ ከፍቼ ነበር። የፎቶ ኮፒ ማሽኔ ዛሬም መሃል ለመሃል ጥቁር መስመር እያወጣች አዋለችኝ። አንዱ ባለጉዳይ ኮፒውን መዝገብ ቤት መልሰውበት እየተሳደበ መጣ፣ ብሩን መለስኩለት። ግድ የለም፣ አዲሷ እስክትመጣ ነው። እቁቤ ከጾሙ በፊት ደርሶኛል። ሰባ ሺህ ብር ባንክ ተቀምጧል። ያገለገለ ማሽን የሚያመጣልኝ ሰውዬ ከበዓል በኋላ ብሎኛል። ያቺ ብር አትነካም። የሁለት ዓመት እቁብ ናት።

ማክሰኞ

አልተነሳም። ጎህ ሲቀድ አስመለሰው፣ ቢጫ ውሃ ብቻ። ሆዱን ስነካው እንደ ከበሮ ወጥሯል። ነክቼው እንዲህ አቃስቶ አያውቅም።

አንድ ክሊኒክ በሩ ላይ «ለበዓል ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጥፏል። የሌላው ስልክ አይነሳም። ሦስተኛው አነሳና አምጡት አለ። አሁን ማን ይጫነው? በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች ሁለቱ ውሻ መሆኑን ሲያዩ መስኮታቸውን ዘግተው ሄዱ። ሦስተኛው ሹፌር ማዳበሪያ አንጥፉ እንጂ እኔም ቤት ውሻ አለኝ አለ። እግዜር ይስጠው። ታዴ ኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላቱን ታቅፎት ሄደ።

ዶክተሩ ልጅ ነው፣ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ራጅ አነሳውና ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጎ አሳየኝ። ነጭ ነጭ ስብርባሪ አንጀቱ ውስጥ እንደ ጠጠር ተከምሯል። አጥንት ነው አለ። መቼ ጀመረው ሲለኝ ከትናንት ወዲያ ማታ አልኩት።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ጾም የፈታ መስሎኝ» አልኩት።

ይስቅብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። በየዓመቱ በዚህ ሳምንት እንዲህ እየሆኑ ይመጡልኛል፣ ተልባ ያላጠጣም የለም አለ።

ኦፕራሲዮን መሆን አለበት፣ ቢቻል ዛሬውኑ። ሃያ ሁለት ሺህ ብር። ግማሹ በቅድሚያ።

የለኝም አልኩት። አለኝ እኮ። ግን ያቺ የማሽኗ ናት። የማሽኗ ከሆነች ለእኔ የለችም ብዬ ነው ያልኩት። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ራሴንም አያሳምነኝም።

ለመንኩት። የትም አልጠፋም፣ ሱቄ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ነው፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያልኩ እዘጋልሃለሁ አልኩት። መታወቂያዬን ላስይዝህ አልኩት። እሱም ረጋ ብሎ፣ ባለፈው ዓመት እንዲሁ እያሉ ያሠሩት ሰዎች ዛሬ ስልኩን እንደማያነሱለት፣ ማደንዘዣውንም ክሩንም እጅ በእጅ እንደሚገዛ ነገረኝ። ከዚያ ሳልጠይቀው ጉሉኮስ ሰካለት። ይሄን አላስከፍልዎትም፣ እዚሁ ይደር፣ ኦፕራሲዮኑ ግን ከነገ ማለፍ የለበትም አለ።

ተናድጄ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ታክሲው ውስጥ ስነጫነጭ ነበር። እኛ ሰፈር ማነው ዱቤ የማይሰጥ? ጋሽ ከድር ከሱቃቸው ዘይቱንም ሳሙናውንም እስከ ወር መጨረሻ ይሰጡኛል፣ ልብስ ሰፊው ይጠብቃል፣ የቤት አከራይ እንኳን ይታገሣል። የእንስሳ ሐኪም ምን ስለሆነ ነው? ነፍስ እያየ!

ቤት ገብቼ ስቀመጥ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። እኔስ? በየቀኑ ሱቄ የሚመጣው ባለጉዳይ «ሲፈረድልኝ እከፍልሻለሁ» ይለኝ የለ? ከየገጠሩ መጥቶ፣ ፋይሉን በፌስታል ይዞ። እኔ ምን እላለሁ? ወረቀት በነፃ አይመጣም እላለሁ። እንደዛሬው ዶክተር ረጋ ብዬ እንኳን አልልም።

ማታ እራት ላይ ታዴ «ዘኑ፣ ያቺ ብር...» አለ።

«ያቺ ብር የማሽኗ ናት።»

«አውቃለሁ» አለ። እራቱን አልጨረሰም።

ረቡዕ

ደረጃ ለደረጃ ሳንኳኳ አረፈድኩ። አጥንቱን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ መድኃኒቱንም እንካፈል፣ ነው ነገሩ። ስወጣ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሙሉ የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት፣ ከሷ ጀመርኩ። በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝና፣ «ለውሻ አጥንት ሰጠህ ተብሎ የተከሰሰ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አንቺን ፍርድ ቤት አጠገብ መዋል አበላሸሽ» አለችኝ። ገብታ ግን አምስት መቶ ብር ይዛ መጣች። አንዷ ለሰው መድኃኒት ጠፍቶ ለውሻ አለች፣ እውነቷን ነው፣ ምን ልበላት። አንዱ ሌላ ቡችላ አመጣልሻለሁ አለ። የሦስተኛ ፎቅ ልጆች የበዓል ሳንቲማቸውን ሊሰጡኝ ሲሉ እናታቸው ዓይኗን አፈጠጠች፣ እኔም አልተቀበልኩም። ሁሉም ተደማምሮ ሦስት ሺህ አልሞላም።

ጋሽ ከድር ሱቅ ሄጄ አለቀስኩባቸው። ሳሙና ልገዛ ነበር የሄድኩት። ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ሰሙኝ።

«ሐኪሙ ሰው ነው አይደል? ሰው ከሆነ ሽማግሌ ይሰማል» አሉ።

ለቤት ኪራይ ሽማግሌ ሲላክ አውቃለሁ፣ ለትዳር፣ ለደም። ለውሻ ኦፕራሲዮን አልሰማሁም። እሳቸው ግን ወሰኑ። ጡረተኛውን የመዝገብ ቤት ሹም ጋሽ ወርቁን ይዘው ሊሄዱ ነው። ብቻ ጋሽ ወርቁ ቀብር ላይ ናቸው፣ ጋሽ ከድር ደግሞ ከመርካቶ ዕቃ ይገባላቸዋል። ሲጠበቅ ሲጠበቅ አሥር ሰዓት ሆነ። በመሃል ለዶክተሩ ደወልኩ። በሕይወት አለ፣ ግን ደክሟል፣ ቶሎ በሉ አለኝ።

ክሊኒኩ ስንደርስ ሁለቱ ሽማግሎች አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ዶክተሩ ሲወጣ አንድ ላይ ብድግ አሉ። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ልጁ ደነገጠ፣ ተቀመጡ አባቶቼ፣ ኧረ ተቀመጡ አለ። እሺ ሳትለን አንቀመጥም አሉት። ጋሽ ከድር ቀጠሉ።

«ልጄ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ይህን ውሻ ነክቼው አላውቅም። ስለ እሷ ግን እመሰክርልሃለሁ። ሃያ ዓመት ከሱቄ በዱቤ ወስዳለች፣ አንድ ቀን ሳትከፍል ቀርታ አታውቅም። ቢኖራት አትደብቅህም።»

አንገቴን ደፋሁ። ዶክተሩ ድህነቴን ያፈርኩበት መሰለው። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እሺ አለ፣ በእጄ ያለችውን፣ ሦስት ሺህ የማትሞላውን፣ ተቀበለኝ፣ ቀሪውን በሦስት ወር ክፈሉ አለ። ታዴ ጎኔ ቆሞ ነበር። ወደ ግድግዳው ዞሮ የዶሮ በሽታ ክትባት ማስታወቂያ ሲያነብ ቆየ።

ግን የማደንዘዣው ረዳት ወደ ቤቱ ሄዷል። ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ሥራዬ ይሆናል አለ።

በመንገድ ጋሽ ከድር ሲስቁ ነበር። ስለ ሰው ስማልድ ነው የኖርኩት፣ ስለ ውሻ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው፣ አላህ ይቀበለኝ ይሆን ወርቁ አሉ። ጋሽ ወርቁም ለውሻ መማለድ ለሰው ከመማለድ ይሻላል፣ ውሻ ነገ አይክድህም አሏቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

ሐሙስ

ሱቅ አልከፈትኩም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ነን።

ከማስገባታቸው በፊት ታዴን አስገቡት። እኔ በበሩ ክፍተት አየሁ። መሬት ላይ ተቀምጦ ጆሮው ሥር እያሻሸው አንድ ነገር ይነግረዋል። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ታዴ እንዲህ ረጅም ሲያወራ አላየሁም። ይግባኝ ጭራውን አንዴ መሬቱ ላይ መታ።

ሁለት ሰዓት ከምናምን ፈጀ። ዶክተሩ ሲወጣ ግንባሩ በላብ ርሷል። አንጀቱ አንድ ቦታ ላይ ተወግቶ ዙሪያው ጠቁሮ ስለነበር ቆርጬ አውጥቼ ቀጥያለሁ አለ። ዛሬን ካለፈ ተስፋ አለው።

ያወጣውን በዝርግ ብረት ላይ አስቀምጦታል። ማየት ትፈልጊያለሽ ሳይለኝ አየሁት። የበግ አለበት፣ የዶሮም አለበት። የወጋው የቱ ነው ስለው ቀጭኑ፣ ይሄኛው አለኝ። የዶሮ እግር ነው። ግቢያችን ዶሮ ያልሠራ ቤት የለም። ሁሉም ሰው ዶሮ ሠርቷል። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት።

ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ከፈተ። ታዴን አየና ሊነሳ ሞከረ፣ ከለከሉት። ታዴ የልጅ ሳቅ ሳቀ። እኔም ማርያምን፣ ቀለል አለኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ለጋሽ ከድር ተነሳ ብዬ ነገርኳቸው። እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አልሐምዱሊላህ አሉ። ሙሉም በመስኮት ሰማችና ይሄኔ ከኦፕራሲዮን ተነስቶም አጥንት ይለምን ይሆናል አለች፣ ተሳሳቅን።

ተሽሎት ከመጣ ምን እንደማበላው እየዘረዘርኩ ነው የተኛሁት። የአጃ ገንፎ። መረቅ ብቻ። የተፈጨ ሥጋ ትንሽ።

ዓርብ

አንድ ሰዓት ላይ ተደወለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጎህ ሳይቀድ ነው አለኝ ዶክተሩ። መርዙ ቀድሞ በደሙ ገብቶ ነበር አለ፣ ይቅርታ አለኝ።

ታዴ ጫማውን እያሰረ ነበር፣ ሊጠይቀው ሊሄድ። ፊቴን ሲያይ ማሰሩን ተወ። ከዚያ እንደገና አሰረው። የድሮ የጥበቃ ካፖርቱን ከቁምሳጥን አወጣና ለበሰ፣ ፀሐይ ወጥቶ እያለ።

ክሊኒኩ በነጭ ማዳበሪያ ጠቅልለው ጠበቁን። ታዴ ካፖርቱን አውልቆ እላዩ ላይ አደረገው። ዶክተሩ ወደ ጎን ጠራኝ። ዓይኑ ቀልቷል፣ እዚያው ያደረ ይመስላል።

«እትዬ፣ ቀሪውን ተዉት» አለኝ። «አባቶች ሁኔታዎን ነግረውኛል። እኔም ላድነው አልቻልኩም።»

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት።

አሁን የት ይቀበር? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁሉም ሲሚንቶ ነው፣ ያለችው መሬት ውሃ ታንከሩ አጠገብ ያለችው የሣር ቦታ ናት፣ እሷም የኮሚቴው ናት። ታዴ ማዳበሪያውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ሳለ ሙሉ በነጠላ ጫማዋ ወረደች። ትከለክለናለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አካፋ ይዛለች። ከታንከሩ ራቅ አድርገህ ቆፍር ታዴ፣ ሥሩ እንዳይነካ ብላ አጠገቡ ቆመች። እስኪጨርስ ቆመች።

ለውሻ እግዜር ያጽናህ አይባልም። ስለዚህ ጎረቤቱ አንድ በአንድ እየመጣ ታዴን ሌላ ነገር ያወራዋል። ዝናቡ ሊመጣ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ ሌሊት። ያቺ አምስተኛ ፎቅ ያለችው፣ ለሰው መድኃኒት ጠፍቶ ያለችኝ፣ ዳቦ ደፍታ አመጣች።

ቅዳሜ

ሁሉም ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ ምንም አልቀረው። ዕዳው ቀረልሽ አይደል፣ ደግ ልጅ ነው ይላሉ። ጋሽ ወርቁ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አስቁመውኝ፣ ሽማግሌ የሄደበት እንዲህ ነው፣ ውሻውን ባናተርፍ ስምሽን አተረፍን አሉኝ።

ማሽን የሚያመጣው ሰውዬ ደወለ። ገብታለች፣ ሰኞ ብሩን ይዘሽ ነይ አለኝ። እሺ አልኩት።

ታዴ ዛሬ ከቤት አልወጣም። ጠዋት ተነስቶ ለብሶ በሩ ድረስ ሄደ፣ ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አልቻልኩም፣ ጠየቅኩት። ማክሰኞ ብሩን አውጪ ለምን አላልከኝም አልኩት። እሱ ላይ ላላክከው ፈልጌ ነው፣ አሁን ስጽፈው ይታወቀኛል።

የጫማውን ክር እየፈታ መለሰልኝ።

«ብዬሽ እምቢ ብትይኝስ? ከዚያ ወዲያ እንዴት አብሬሽ እኖራለሁ?»

ተነስቼ ማድ ቤት ገባሁ። የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ።

እሁድ

ልደታ ማርያም ሄድኩ። ለማርያም ሁሉንም ነገርኳት። ለእሷ መንገር ይቀላል፣ ድሮም ታውቀዋለች። የሚከብደኝ ጋሽ ከድር ናቸው።

ማሽን የሌላት ሴት ፎቶ ኮፒ ምን ብላ ትሠራለች? እንዲህ እያልኩ ቅዳሴው አለቀ። እንዲህ ደግሞ አልኩ፦ ያ ልጅ የተወልኝ የሌለኝ መስሎት ነው። ቢያውቅ አይተወውም ነበር። ታዲያ የወሰድኩት ምንድን ነው? ሰረቅኩት ማለት ነው እኮ፣ ሁለት ሽማግሌ አስቁሜ።

ታዴን ነገ ባንክ እሄዳለሁ አልኩት። ለማሽኗ ወይ አለኝ። ለዶክተሩ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዓርብ ወዲህ ቀና ብሎ ያየኝ ዛሬ ነው።

ሰኞ

ከባንክ አወጣሁ። ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ሴት ሳል የያዛት ድመት ታቅፋ ነበር፣ እሷ እስክትጨርስ ጠበቅኩ።

ብሩን በፖስታ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩለት። ትቼው የለም ወይ አለኝ። ውሰድ አልኩት። ከየት አመጡት ሲለኝ ነበረኝ አልኩት።

«ማክሰኞም?»

«ማክሰኞም።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ነኝ የቀጠልኩት። ማክሰኞ ብከፍልህ ይድን ነበር ወይ አልኩት።

«አላውቅም እትዬ» አለ። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ማክሰኞ አንጀቱን አላየሁትም።»

ይድን ነበር ቢለኝ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። አይድንም ነበር ቢለኝ ደግሞ አላምነውም ነበር። ፖስታውን መሳቢያው ውስጥ ከተተ። ደረሰኝ ጻፈልኝ፣ ስሜን በትክክል ጻፈው፣ እጄን ጨበጠኝ። ስወጣ ድመቷን የያዘችው ሴት ደጅ ላይ ቆማ ስልክ እያወራች ነበር፣ ግማሹን አሁን ግማሹን ደመወዝ ስትቀበይ አለኝ ትላለች።

ለማሽኑ ሰውዬ ደውዬ ብሩ ጎድሎብኛል፣ ለሌላ ይስጣት አልኩት። ከሰዓት ሱቅ ከፈትኩ። መስመሩ አለ። ሦስት ሰው መለሰብኝ። አንዱ የጉራጌ ሽማግሌ ግን ይነበባል፣ ምን ሆነ አሉና ወሰዱት።

ስዘጋ ጋሽ ከድር ሱቅ ገባሁ። ሰው እስኪወጣ ቆምኩ። ከዚያ ነገርኳቸው። ብሩ ባንክ እንደነበረ፣ እሳቸው ቢኖራት አትደብቅህም ሲሉ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እንደነበረ፣ ዛሬ ለዶክተሩ ሄጄ እንደከፈልኩ። በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረስኩት። እሳቸው ስኳር በላስቲክ እየመዘኑ ነበር። መዝነው አሰሩት፣ ሌላውንም መዝነው አሰሩት።

«ለልጁ ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ጥሩ አደረግሽ» አሉ። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

ምን ልበል፣ ዝም ብዬ ከምወጣ ሁለት ሳሙና ስጡኝ አልኩ። ሰጡኝ። ሁልጊዜ ሰጥተውኝ ወደ ሥራቸው ይዞራሉ፣ እኔም እወጣለሁ፣ ወር ሲደርስ እንተሳሰባለን። ዛሬ አልዞሩም። ባንኮኒው ላይ እጃቸውን አድርገው ጠበቁ።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፈልኩ። መልሱን ቆጥረው ሰጡኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

«ታደሰ ምን ይላል?»

ዛሬ ወጥቷል አልኳቸው፣ ብቻውን እስከ ማርያም ሄዶ ተመልሷል። ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገ ጥሩ ሻይ ቅጠል ይገባልኛል፣ አንድ ላስቀምጥልሽ አሉኝ።

ያስቀምጡልኝ አልኩ። በዱቤ ይሁን በእጅ አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።